ግቢ ጠራጊዎች የወረሱት መንገድ

ቶኪዮ ውስጥ አሳኩሳ በሚባለው ሰፈር፣ ወደ ሴንሶጂ ቤተ መቅደስ የሚወስድ ናካሚሴ የተባለ የእግረኛ መንገድ አለ። ርዝመቱ 250 ሜትር ያህል ነው፤ ግራና ቀኙን ወደ 90 የሚጠጉ ትንንሽ ሱቆች ይዘውታል። በርካታ ኢትዮጵያውያን ለምንኖርበት ለካትሱሺካ ወረዳ ቅርብ ስለሆነ፣ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምወስደው ወደዚያ ነው።

እንግዶቼን የሚገርማቸው ሕዝቡ ነው። እኔን የሚገርመኝ የሱቆቹ አጀማመር ነው። ከ300 ዓመት ገደማ በፊት የመቅደሱን ግቢ የመጥረግ ግዴታ የነበረባቸው የአካባቢው ሰዎች፣ በድካማቸው ፋንታ በመንገዱ ዳር እንዲነግዱ ተፈቀደላቸው። በ1923 (እ.ኤ.አ.) የመሬት መንቀጥቀጥ ሱቆቹን አወደመ፤ በ1925 በኮንክሪት ተሠሩ። በ1945 የቦምብ ድብደባ መቅደሱን ጭምር አቃጠለ። ሱቆቹ ግን ዛሬም እዚያው ናቸው።

በግቢው ውስጥ ትልቅ የዕጣን ማጨሻ አለ። አሮጊቶች ጢሱን በእጃቸው እየሳቡ የሚያማቸውን ጉልበትና ወገብ ያሻሹበታል። ጠበል ቦታ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ደግሞ፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 9 እና 10፣ የሆዙኪ ገበያ ይቆማል። ብርቱካንማ ፍሬው በስስ ልባስ የተሸፈነ ተክል በየማሰሮው ተደርድሮ እስከ ምሽት ይሸጣል። በ10ኛው ቀን መቅደሱን የተሳለመ 46,000 ቀን እንደተሳለመ ይቆጠርለታል ይላሉ። ገበያውም በዓሉም አንድ ናቸው፤ ነጋዴውን ከደጁ የሚያባርረው የለም።

እኛ አገርስ? በየደብሩ ደጃፍ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ጧፍ፣ ዕጣንና መቁጠሪያ ዘርግታ የምትውለውን እናት የማያውቃት ማን ነው? ደንብ አስከባሪዎች መጡ ሲባል የከረጢቱን አራት ጫፍ ሰብስባ ትሮጣለች። ጧፉ ይሰበራል። የተሰበረ ጧፍ ደግሞ ገዢ የለውም፤ የዕለቱ ጉርሷ ያ ነበር። ሕጋዊ ሱቅ የነበራቸውም ቢሆኑ አልተረፉም፤ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ ስንት ዘመን የኖሩ ንግድ ቤቶች አብረው ሄዱ። ከተማ መታደስ የለበትም አልልም። ናካሚሴም ፈርሶ ተሠርቷል፤ ነጋዴው ግን ወደ ቦታው ተመልሷል።

ጃፓን ሁሉ ነገር ሙሉ ነው እያልኩ አይደለም። በ2017 (እ.ኤ.አ.) መቅደሱ የሱቆቹን ሕንፃ ከከተማው አስተዳደር ከገዛ በኋላ ኪራዩ በብዙ እጥፍ እንዲጨምር ጠይቆ ነጋዴዎቹ ክፉኛ ደንግጠዋል። ነገር ግን የተከራከሩት ስለ ዋጋው ነው። ለጧፍ ሻጯ ከደብሩ አጥር ሥር ጥላ ያለው አንድ ሜትር ተኩል ቦታ መስጠት፣ በስሟም መመዝገብ፣ ለአዲስ አበባ ምን ያህል ይከብዳል? አዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ሰፊ ናቸው።