ሚያዝያ 27ን በግማሹ አትያዙት

ወገኖቼ፣ ባለፈው ሚያዝያ 27 ጠዋት ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። መንገዱ ጭር ብሏል። ከኋላዬ ሁለት ልጃገረዶች ተቀምጠዋል። አንዷ "ዛሬ ግን ምን ሆኖ ነው ሁሉም የተዘጋው?" አለች። ሌላዋ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል "የሠራተኞች ቀን መሰለኝ" ብላ መለሰች። ረዳቱ "እሱማ አልፏል፣ ሚያዝያ 23 ነበር" አላት። "እና ዛሬስ?" ስትለው ትከሻውን ነቀነቀ። ሾፌሩ ዝም። ሌላው ተሳፋሪም ዝም። እኔም ዝም አልኩ።

ከወረድኩ በኋላ ያ ዝምታዬ ቆጨኝ። ልጆቹን አልወቅስም። ማን ነገራቸውና? የምወቅሰው እኛን ትልልቆቹን ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ባንዲራ ለጥፈን ወደ እንቅልፋችን የምንመለሰውን።

ሚያዝያ 27፣ የአርበኞች የድል በዓላችን፣ አንድ ቀን ነው፣ ሁለት ታሪክ ግን ተሸክሟል። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ገቡ። ልክ አምስት ዓመት። አንድ ቀን አልጎደለም፣ አንድ ቀን አልተረፈም። የወደቅንበትም የተነሳንበትም ቀን በመድኃኔዓለም ዕለት ነው የዋለው።

እናንተ ግን የያዛችሁት የኋለኛውን ብቻ ነው። ፉከራውን፣ ቀረርቶውን፣ ጎፈሩን። የ1928ቱን ሚያዝያ 27 ማንም አያነሳውም። ሲነሳም "ጠላት ገባ" ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ከዚያ ቀን በፊት በነበሩት ሦስት ቀናት ምን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ ልንገራችሁ። መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ጦራችን ተሸነፈ። ከጦር ሜዳ የተረፈው ወታደር ተርቦና ቆስሎ ወደ መሐል አገር መመለስ ጀመረ። ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከተማዋ ያለ ጠባቂ ቀረች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጣሊያን አላደረገውም። እኛው ነን ያደረግነው። አራዳ ላይ ሱቆች ተሰበሩ፣ ተዘረፉ፣ ተቃጠሉም። በጥይት ሰው ሞተ። የውጭ አገር ሰዎች ያኔ ለጋሲዮን ይባሉ ወደነበሩት ኤምባሲዎች ግቢ ሸሹ። ሕንዱም አርመኑም ግሪኩም፣ ዓመታት አብሮን የኖረው ጎረቤት፣ ልጁን ታቅፎ የእንግሊዝን ለጋሲዮን በር አንኳኳ። ጠላት ከደሴ አቅጣጫ በመኪና እየገሰገሰ እኛ የገዛ ከተማችንን እናነድ ነበር።

ባዶሊዮ ሚያዝያ 27 ሲደርስ ጭስ ነው የተቀበለው። ፋሺስቶችም ለዓለም የሚያወሩት ምክንያት አገኙ። "ሥርዓት ልናስከብር፣ የሰውን ነፍስ ልናድን ገባን" አሉ። በመርዝ ጋዝ ሰው ሲፈጅ የመጣ ጦር አዳኝ መስሎ እንዲታይ ያደረግነው እኛ ነን። ሙሶሊኒ በዚያው ምሽት ሮም ላይ ድሉን አወጀ። ግንቦት 1 ደግሞ ኢትዮጵያን የግዛቱ አካል አደረጋት።

"ይህን ለምን ታነሳለህ፣ ገመናችንን ለምን ታወጣለህ" የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ይህንኑ በአንድ ግሩፕ ላይ ስጽፍ "የጠላት አፍ" ተብያለሁ። ግን እባካችሁ ልብ በሉ። የእነዚያን ሦስት ቀናት ነገር የሚያውቅ ሰው የመንግሥት እጅ ሲላላ ምን ሊከተል እንደሚችል ያውቃል። በኋላም በዚህች አገር ከአንድም ሁለት ጊዜ ግርግር ሲነሳ የጎረቤት ሱቅ ሲሰበር አይተናል። ያኔ አንዳችን እንኳ "ይህ ሚያዝያ 25 ነው፣ ይህ ሚያዝያ 26 ነው" ብለን ለመጮህ ቃሉ አልነበረንም። ቀኑን አናውቀውማ።

እዚያው ጭስ ውስጥ ሌላም ነገር ነበር። የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት ባላምባራስ አበበ አረጋይ ከተማዋን ትተው ወደ ሸዋ ገጠር ወጡ። ለመሸሽ አይደለም፣ ለመዋጋት ነው። አምስት ዓመት ዱር ቤቴ አሉ። ብዙ ሌሎችም እንዲሁ በየአቅጣጫው ወጡ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደበደቡ። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የጣሊያን እንደራሴ በነበረው ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ በተከተሉት ሦስት ቀናት የከተማው ሕዝብ በአካፋ፣ በጥይት፣ በእሳት ተፈጀ። ኢትዮጵያ የምትቆጥረው 30,000 ሰው ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። የአምስቱን ዓመት መከራ ሁሉ እዚህ አልዘረዝርም፣ ሌላ ቀን የሚበቃው ነገር ነው።

ጥር 12 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ በሱዳን ድንበር ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። በጎጃም አድርገው መጡ። ሚያዝያ 27 ከእንጦጦ ወደ ከተማዋ ሲወርዱ አርበኞቻቸውን አሰልፈው ከጠበቋቸው አንዱ እኚያው አበበ አረጋይ ነበሩ። አሁን ግን ራስ አበበ ናቸው። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አምስት ዓመት። ከዚህ በላይ ለልጅ የሚነገር ታሪክ ከየት ይመጣል? እኛ ግን ልጁን አስተኝተን ቴሌቪዥን እንከፍታለን።

ሌላም የምገስጻችሁ ነገር አለ። በቀኑ ላይ የምታነሱት ጭቅጭቅ።

አዲስ አበባ ከጣሊያን የጸዳችው በእርግጥ ሚያዝያ 27 አይደለም። በጄኔራል ካኒንግሃም የሚመራው የእንግሊዝ ጦር የገባው መጋቢት 28 ቀን 1933 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ያኔ ገና ጎጃም ነበሩ። ደርግ ይህን ይዞ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ሚያዝያ 27 የንጉሡ ቀን ሆኖ ታየው። ደርግ ሲወድቅ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። አራት ኪሎ ያለው የድል ሐውልት ግን በዚህ ሁሉ መሐል ንቅንቅ አላለም፣ እዚያው ቆሞ ነበር። ዛሬም በየዓመቱ "መጋቢት ነው"፣ "የለም ሚያዝያ ነው" እያላችሁ ትሰዳደባላችሁ። አንዱ ሌላውን ንጉሣዊ ይለዋል፣ ሌላው ይኼኛውን ደርግ ይለዋል።

ለሁለታችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ። ጎንደርስ? ጎንደር ነፃ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። አዲስ አበባ እልል ስትል ጎንደር ውስጥ ገና ጣሊያን ነበር። ወደ ሰባት ወር ገደማ ጦርነቱ እዚያ ቀጥሏል፣ ሰው እየሞተ ነበር። አምባ አላጌም ላይ የጣሊያን እንደራሴ የነበረው የአኦስታ መስፍን እጁን የሰጠው ሚያዝያ 27 ካለፈ በኋላ ግንቦት ውስጥ ነው። በዓሉ ሚያዝያ 27 ይሁን፣ እኔም እሱን ነው የማከብረው። ግን የአዲስ አበባ ሰው ሆናችሁ "ያ ቀን ጦርነቱ አበቃ" ብላችሁ አትጻፉ። ጎንደሬው አያቱ በየትኛው ወር እንደሞተ ያውቃል።

ስለ መጻፍ ካነሳሁ አይቀር፣ "ዛሬ በታሪክ" እያላችሁ የምትለጥፉትን ነገር እባካችሁ አጣሩት። በየዓመቱ "ግንቦት 5 ቀን 1936 ጣሊያን አዲስ አበባን ያዘ" የሚል ጽሑፍ አያለሁ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ያጋራዋል። ሜይ 5ን "ግንቦት 5" ብሎ መተርጎም ይቻላል? ግንቦት 5 ቀን 1936 በእኛ አቆጣጠር በፈረንጅ 1944 ነው። ያኔ ጣሊያን ከአዲስ አበባ ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎታል። የምትለጥፉት ነፃ በወጣችው አገር ላይ ጠላት እንደገና ማስገባት ማለት ነው።

አድዋም ላይ እንዲሁ ትሳሳታላችሁ። የካቲት 23 ቀን 1888 በፈረንጅ ማርች 1 ነበር። ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ግን ማርች 2 ላይ ነው። ፈረንጆች በራሳቸው 1900 ዓመት ፌብሩዋሪን በየአራት ዓመቱ እንደሚያደርጉት 29 ሳያደርጓት በ28 ስላስቀሯት ነው። የእኛ ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ስድስት መሆኗን አላቋረጠችም። ስለዚህ ዋሽንግተንም ሆነ ሮም ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ አንዳችሁ በማርች 1 ሌላችሁ በማርች 2 ስታከብሩ "አንተ ተሳስተሃል" ተባባሉ ብሎ የላካችሁ የለም። ሁለታችሁም ምክንያት አላችሁ። ምክንያቱን እወቁት እንጂ።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልመለስ። ሚያዝያ 27 ሲደርስ በየስልኩ የሚበዛው ቃል ምን እንደሆነ አስተውላችኋል? "ባንዳ" ነው። አርበኛ ከሚለው በላይ ይጻፋል። በፖለቲካ ያልተስማማችሁት ሁሉ ባንዳ ነው። አባቱ፣ አያቱ፣ ብሔሩ ሳይቀር ባንዳ ይሆናል። በዚህ ቀን ማለት የነበረባችሁ ይህን ነው? ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ከተማዋ እንደገቡ ባደረጉት ንግግር ለሕዝቡ ያሉትን አታውቁም ማለት ነው። ክፉን በክፉ አትመልሱ አሉ። ጠላት የሠራውን ግፍ እናንተ እንዳትሠሩት፣ የኢትዮጵያን ስም እንዳታጎድፉ ብለው ለመኑ። ቀኑም የአዲስ ዘመን መጀመሪያ እንደሆነ ተናገሩ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከወር በኋላ ግንቦት 30 ሲወጣ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

ይህ የተባለው ለማን ነው? ወንድሙ የካቲት 12 በአካፋ ለተገደለበት ሰው ነው። ቤቱ ከነቤተሰቡ ለተቃጠለበት ሰው ነው። እነዚያ ሰዎች ጣሊያኑን ነጋዴና መካኒክ በመንገዳቸው እያዩት አሳለፉት። ያን የቻሉት አያቶቻችሁ ናቸው። እናንተ ደግሞ ከዚያ ዘመን ምንም ያልደረሰባችሁ ልጆች፣ ጎረቤታችሁን ባንዳ ትላላችሁ። አፈርኩባችሁ። የምለውም ስለምወዳችሁ ነው።

ያን ዕለት አራት ኪሎ ስደርስ ሥነ ሥርዓቱ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። የአበባ ጉንጉኖቹ ሐውልቱ ሥር ተደርድረዋል። ፀሐዩ ጠንክሯል። ዳር ላይ ሰማንያ ያለፋቸው አንድ አባት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለዋል። አሮጌ ግራጫ ካፖርት ለብሰዋል። ደረታቸው ላይ ሁለት ሜዳሊያ አለ። የአንደኛው ሪባን ቀለሙ ጠፍቶ ነጭ ሆኗል። ማያያዣው ተሰብሮ በመርፌ ቁልፍ ነው የተያዘው። "አባባ፣ የእርስዎ ነው?" አልኳቸው። "የአባቴ ነው ልጄ፣ እኔማ ያኔ አልተወለድኩም" አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስለ አባታቸው ጠየቅኳቸው። በአምስቱ ዓመት ሸዋ ውስጥ ተዋግተዋል፣ አንድ ጊዜ ጭናቸው ላይ ተመትተዋል፣ በ1933 እንጦጦ ከተሰለፉት ውስጥ ነበሩ። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ከፍ አለ። "በ1928ስ፣ ጣሊያን የገባ ዕለት የት ነበሩ?" አልኳቸው።

አባባ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ "አባቴ ያን ጊዜ ሃያ ዓመቱ ነው" አሉ። "ከተማው ሲዘረፍ እሱም ወርዷል። ከአራዳ ሱቅ አንድ ጣቃ አቡጄዲ ተሸክሞ ቤት ገባ። እናቱ ስታየው 'የማንን ነው ያመጣኸው?' ብላ በር ላይ አስቆመችው። አላስገባችውም። ሌሊቱን ደጅ አድሮ በነጋታው ወደ ጫካ ወጣ። አምስት ዓመት አላየችውም።"

"ይህን ራሳቸው ናቸው የነገሩዎት?"

"ራሱ ነው። የጦርነቱን ሲያወራ ይጮሃል፣ ይፎክራል። የአቡጄዲውን ሲያወራ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ሁለቱንም ግን በየዓመቱ በዚህ ቀን ያወራልን ነበር። አንዱን ትቶ ሌላውን አውርቶ አያውቅም።"

ሜዳሊያዎቹን አንድ በአንድ ፈቱ። ነጭ መሐረብ ከኪሳቸው አውጥተው ጠቀለሏቸው። እኔ ደግፌያቸው ተነሱ፣ ታክሲ ወደሚቆምበትም አብረን ሄድን።