ለገሐርን ስሪላንካ አገኘኋት

ኦቾሎኒው የተጠቀለለበት ወረቀት የአንድ ተማሪ የሒሳብ ደብተር ነበር። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ አርሞበታል። ከስሪላንካዋ ካንዲ ከተማ ወደ ኤላ በሚወጣው ባቡር፣ ሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ውስጥ ቆሜ ያንን ወረቀት ስፈታ ዐይኔ እንባ ሞላ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት የኦቾሎኒው በርበሬ የበዛብኝ መስሏቸው ውኃ አቀበሉኝ። በርበሬው አልነበረም።

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነገሩን ሳልጨርስለት ይረዳኛል። እኛም ኦቾሎኒና ቆሎ በደብተር ወረቀት ጠቅልለው እየሸጡልን ነው በባቡር መስኮት አንገታችንን አውጥተን ያደግነው። አጎቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ባቡሩ ፊሽካውን ሲነፋ እናቴ ሰዓቷን ታስተካክል ነበር።

ጀርመን ከገባሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እዚያ ያለው ፈጣን ባቡር አንድም ቀን ልቤን ነክቶት አያውቅም። የስሪላንካው ግን ከነዝገቱ፣ ከነጩኸቱ ያዘኝ። እንግሊዞች ሐዲዱን የዘረጉት በደጋው የሚመረተውን ቡና ወደ ኮሎምቦ ወደብ ለማውረድ ነበር። ቡናውን ዋግ ሲያጠፋው ደጋው ሻይ ተተከለበት፤ ባቡሩም ጭነቱን ለውጦ ቀጠለ። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1867 ካንዲ፣ በ1924 ደግሞ መጨረሻው ባዱላ ደረሰ። የእኛው ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። እኩዮች ናቸው። የእነሱ ዛሬም ተማሪውንም ሻይ ለቃሚዋንም ጭኖ ይሄዳል። የእኛውን ምን እንዳደረግነው ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ትንሽ ጣቢያ ላይ ያየሁትን ልናገር። መስመሩ ነጠላ ስለሆነ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት እንዳይገናኙ የጣቢያው ኃላፊ በትልቅ የሽቦ ቀለበት ላይ የተንጠለጠለ የይለፍ ምልክት ለነጂው በእጃቸው ያቀብላሉ። ነጂው ያንን ሳይዝ ወደሚቀጥለው ጣቢያ አይነሳም። ነጭ ልብስ፣ ኮፍያ፣ የተወለወለ ጫማ። አጎቴን ያየሁ መሰለኝ።

ለመሄድ ያሰበ ወገን ካለ ይህን ይያዝ። ወንበር የተያዘለት የኤላ ቲኬት ቶሎ ያልቃል፤ ነገር ግን የሁለተኛና የሦስተኛ ማዕረግ ያለ ወንበር ቁጥር በዕለቱ ጣቢያው መስኮት ላይ ይሸጣል፤ በጠዋት መሰለፍ ነው። አውቶቡስ በየመንገዱ አለ። ቀዩ የመንግሥት ሲሆን ሌላው የግል ነው፤ የግሉ ረዳት ልክ እንደ እኛ ረዳቶች በር ላይ ተንጠልጥሎ የከተማውን ስም ይጠራል። የፊት ወንበሮች ለመነኮሳት የተተዉ ናቸው፤ ሴት ደግሞ ከመነኩሴ አጠገብ አትቀመጥም። ባጃጅ እንደ ጉንዳን ነው፤ የእኛው የሕንዱ ባጃጅ። ኮሎምቦ ውስጥ ቆጣሪ ያለውን መያዝ ይሻላል፤ ካንዲ ላይ አንዱ ያለ ቆጣሪ ጭኖኝ ሦስት እጥፍ አስከፍሎኛል። ስለዚህ አገሩ ገነት ነው አላልኩም።

ባቡሩም ቢሆን ያዘግማል። ከካንዲ ኤላ ከስድስት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ የእኔው ደግሞ ዘግይቶ ነው የመጣው። የእኛን አሮጌ ባቡር ስናነሳ «ቀርፋፋ ነበር፣ ጠባብ ነበር፣ ሐዲድ ይስት ነበር» የሚሉ ወዳጆቼ ይህን ቢያዩ ደስ ይለኛል። ከመላው ዓለም የሚመጣው ቱሪስት ወረፋ የሚይዘው ለዚሁ ቀርፋፋ ባቡር ነው። በየጣቢያው ዙሪያ የእንግዳ ማረፊያውም ሻይ ቤቱም ከእሱ ይኖራል። እኛስ የአዋሽን ገደል የሚሻገር ድልድይ አልነበረንም? ኤረር፣ ሚኤሶ፣ አፍደም የሚባሉ ጣቢያዎች አልነበሩንም? እዚያ ወተትና ብርቱካን ይዘው ባቡሩን የሚጠብቁት ሴቶች የት ደረሱ?

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መሠራቱን አልነቅፍም፤ አገር ያስፈልጋታል። ነገር ግን ጣቢያዎቹ ከከተማ ዳር ናቸው። ለገሐር መሀል ከተማ ነበረች፤ ሰው ከባቡር ወርዶ በእግሩ ገበያ ይገባ ነበር። አምና ልጄን ይዤ አገር ቤት ገብቼ ወደ ድሬዳዋ የሄድነው በአውቶቡስ ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት መናኸሪያ ደረስን። አንድ ደላላ የልጄን አማርኛ ሰምቶ ለሻንጣችን ብቻ ከቲኬቱ የበለጠ ጠየቀ። ተከራከርኩ፤ በገዛ አገሬ እንደ ባዕድ ተቆጥሬ ከፈልኩ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን ከመንገዱ አጠገብ ያ አሮጌ ሐዲድ አንዴ ሲታይ፣ አንዴ በቁጥቋጦ ሲሸፈን ልጄ «ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ። መንገዳችን ነበር አልኳት። «ታዲያ ለምን አንሄድበትም?» ስትለኝ መልስ አጣሁ።

ያ ጥያቄ ነው ካንዲ ድረስ የተከተለኝ።

ኤላ ስንደርስ የጣቢያው ሠራተኛ በር ላይ ቆመው ቲኬት ይሰበስባሉ። ለማስታወሻ ልያዘው፣ ለልጄ ላሳያት ብዬ ለመንኳቸው። በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሕጉ አይፈቅድም። ከሌሎቹ ጋር ሳጥን ውስጥ ጨመሩት። የሒሳብ ደብተሩን ወረቀት ግን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከትቼው ነበር፤ ለልጄ ያሳየኋት እሱን ነው።