ግልጽ ደብዳቤ፦ ለፍየሏ የቀኝ የኋላ እግር

ቁጥር፦ ወተ/ባል/01
ቀን፦ ባልዲው በተደፋ ማግስት

ለክቡር የቀኝ የኋላ እግር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃድ ወተት ባልዲ ውስጥ ስለመግባት

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችን ይድረስዎ። ሰላምታውን የምናቀርበው ቆመን ነው፤ በርጩማው አንድ እግሩን ከሰበሩለት ወዲህ ሰው አይሸከምም።

እኛ ጥቂት የወተት ፍየሎች ይዘን ጠዋትና ማታ 12 ሰዓት ላይ የምናልብ ሰዎች ነን። ከግራው ባልደረባዎ ጋር አንዳችም ቅሬታ የለንም። ከፊት እግሮችም ጋር እንደዚሁ፤ ግርግም ላይ ወጥተው ድርቆሹን መርገጣቸው የታወቀ ቢሆንም እሱ በሌላ መዝገብ ይታያል። የእርስዎ ነገር የተለየው አላቢው በፍየሏ ቀኝ ስለሚቀመጥ ነው። ባልዲው ከእርስዎ ቢርቅ አንድ ስንዝር ነው፤ ጎረቤታሞች ነን ማለት ይቻላል። ጎረቤት ግን ሲገባ በር ያንኳኳል።

የሰዓት አከባበርዎን ሳናደንቅ አናልፍም። ባዶ ባልዲ ውስጥ ገብተው አያውቁም። የመጀመሪያው ወተት የባልዲውን ቂጥ እያንጫረረ ሲመታ ይታገሣሉ፤ አረፋው ሲነሳ ይታገሣሉ። ጥቂት ጭብጥ ሲቀር፣ አላቢው "ዛሬስ ተረፍን" ብሎ ትከሻውን ሲያላላ፣ ያን ጊዜ ከነጭቃዎ ጥልቅ ይላሉ። ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ፣ ከሕፃናትና ከግልገሎች በቀር ወተት የሚጠይቅ በሌለበት ወራት፣ እንደ መነኩሴ ቀጥ ብለው ቆመው ያሳልፋሉ። የፋሲካ ሰሞን፣ ዘመድ አዝማድ ጮጮውን ይዞ ደጅ ሲጠና፣ ትዕግሥትዎ ያልቃል።

ጉዳቱን በቁጥር እናስረዳ። ግልገሏን የምታጠባ ያገር ቤት ፍየል ለሰው የምታተርፈው በቀን ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር ቢሆን ነው። ከስዊዘርላንዱ ዛነን ወይም ከአንግሎ ኑቢያን የተዳቀለችው በደንብ ከተቀለበች አንድም ሁለትም ሊትር ትሰጣለች፤ እግሯም በዚያው ልክ ረዝሟል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሲገቡ የሚሄደው የዚያ ማለቢያ ሰዓት ምርት በሙሉ ነው።

"ምን ቸገረህ፣ አጥልለው!" የሚል መካሪ አይጠፋም። ጨርቅ የሚይዘው ጸጉሩንና በጠጡን ነው። በሰኮናዎ ስንጥቅ ሸሽገው ያመጡት ግን አብሮ ያልፋል። ማፍላቱ መቼም ግዴታ ነው፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ በጥሬ የፍየል ወተት ወደ ሰው ስለሚሻገር፣ እርስዎ ቢገቡም ባይገቡም ወተቱ ይፈላል። ነገር ግን እሳት ጀርሙን ቢገድል የተዘፈዘፈውን ጭቃ አያወጣም። አንዳንዱ ልቡ አልቆርጥ ብሎት በድብቅ ለእርጎ ያስቀምጠዋል፤ በማግስቱ ክዳኑን ሲያነሳ እርጎው በአረፋ ተበሳስቶ፣ ሽታው ራሱ ማን እንደገባበት ይናገራል። እርስዎ የገቡበት ወተት ለውሻ ነው። ውሻው በዚህ ክርክር ከማን ወገን እንደቆመ መገመት አያዳግትም።

ክሱ ይህን ያህል ጠንካራ ሆኖ ሳለ፣ ያበሳጨን ምርመራው እርስዎን ነፃ ሊያወጣ መቃረቡ ነው።

ከመግባትዎ በፊት የሚሆነውን በደንብ ላየ ሰው፣ የመጀመሪያው ምልክት የሚታየው አፏ ላይ ነው። ማላመጧን ታቆማለች። የገንዳውን ጥጋጥግ በምላሷ ትጠርጋለች፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ አላቢው ለመዞር ትሞክራለች። ቀጥሎ ዳሌዋ ወደ ግራ ዘንበል ይላል፤ ክብደቷ በሙሉ በባልደረባዎ ላይ ያርፋል፤ ከቋንጃዎ በላይ ያለው ጅማት ይወጠራል። ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ባልዲውን ያሸሸ አሸሸ፤ ያላሸሸ ለውሻው ሰሃን ይፈልጋል።

ሲጣራ ፉርሽካው አልቋል። መኖ የሚሰፈረው በሚታለበው ወተት ልክ ነው፤ ለአንድ ሊትር ወተት ከ300 እስከ 400 ግራም ድብልቅ፦ አብዛኛው ፉርሽካ፣ የተፈጨ የኑግ ፋጉሎ፣ ቁንጥር ጨው። ይህን በአምስት ደቂቃ ጨርሳ ስታበቃ አላቢው ገና ግማሽ ላይ ነው፤ ስልኩንም አንዴ አይቷል። ታዲያ ጨምሮ መስፈር መድኃኒት የሚመስለው አለ። እህልና ፉርሽካ በአንዴ ሲበዛባት ጨጓራዋ ይኮመጥጣል፣ ሆዷ ይነፋል፣ ከመኖም ከወተትም ትቀራለች። ያንኑ መጠን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ማለብ ሲጀመር፣ ግማሹን ባልዲው ሲጋመስ መስጠት ይሻላል። ወይም ገንዳው ውስጥ ጡጫ ጡጫ የሚያህሉ ሦስት አራት የታጠቡ ድንጋዮች ጣል ማድረግ ነው፤ በድንጋዮቹ መካከል ስትለቅም ትቆያለች፣ እርስዎም መሬት ላይ ይቆያሉ።

እጃችንንም እንደሚከሱ ሰምተናል። እዚህ ላይ የምንከራከርበት ብዙ የለንም። ጡት ወደ ታች አይጎተትም። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከላይ ቀለበት ሠርተው ወተቱ ወደ ግቱ እንዳይመለስ ይዘጋሉ፤ ከዚያ መሐል ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ ትንሿ ጣት በተራ ይጨብጣሉ፤ ሲለቀቅ ጡቱ እንደገና ይሞላል። ቀለበቱ ከጡቱ አልፎ የግቱን ሥጋ ከቆነጠጠ እርስዎ ቢነሱ መብትዎ ነው። ያገር ቤት ፍየል ጡቷ አጭር ስለሆነ አራት ጣት አያስይዝም፤ በሁለት ወይም በሦስት ጣት ቀስ ተብሎ መታለብ ሲገባው፣ አንዳንዱ በአውራ ጣቱ ጥፍር እየጠመዘዘ ይመነጭቀዋል። በጥቅምት የደብረ ብርሃን ውርጭ፣ ውጪ የቆየ በረዶ እጅና ረጅም ጥፍር ይዞ ፍየል ሥር የሚቀመጥ ሰው ከባልዲው በፊት የራስ ቁር ያስፈልገዋል።

ግቱ ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ይጠረግና ይደርቃል፤ ጨርቁ ለየፍየሏ ለየብቻ። ሳይደርቅ ከታለበ እድፉ በእጅ ላይ እየወረደ ባልዲው ይገባል፤ ይቺ እንኳን በእርስዎ አትሳበብም። ጠረጋው ከተጀመረ አንድ ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ወተቱ ይወርዳል። የሚያወርደው ሆርሞን ኦክሲቶሲን ይባላል፤ የሚቆየውም ለጥቂት ደቂቃ ነው። ፍየሏ ከደነገጠች ወይም ከተመታች ይዘጋል፤ ትቋጥራለች። እርስዎን በዱላ የሚያስታግስ ሰው ወተቱንም አብሮ ያስታግሰዋል፤ ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ።

አንዱ ጡት ሲነካ ብቻ የሚነሱ ከሆነ ደግሞ ተከሳሽነትዎ ቀርቶ ምስክር ይሆናሉ። ከየጡቱ የሚወጣው የመጀመሪያ ሁለት ሦስት ጭብጥ ወተት ባልዲ አይገባም፤ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ስኒ ላይ ይታለባል። እንደ ውሃ ቀጥኖ ከታየ፣ ጓጉሎ ወይም ደም አዝሎ ከመጣ፣ ግቱም በአንድ ወገን ከጋለና ከጠጠረ፣ የጡት በሽታ ስለሆነ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። ያቺ ፍየል መጨረሻ ትታለባለች፤ ወተቷም አይጠጣም። መድኃኒት ከተወጋች ሐኪሙ ያዘዘው ቀን እስኪያልቅ ድረስም አይጠጣም፤ ለግልገልም አይሰጥም። አንዳንዴ ጥፋተኛው ግልገሉ ነው፤ የታች ጥርሱን ይዞ ይወለድና እናቱን ይቧጭራል። ከንፈሩ ላይ ቅርፊት ያለው ቁስል ካለ ኦርፍ የሚባለው ተላላፊ የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ጡቷ ይጋባል፣ ወደ አላቢውም ጣት ይሻገራልና ጓንት ይደረግ።

ዝንብን በተመለከተ በአንድ ወገን ነን። ከእርስዎ በፊት ጅራቷ ከተወራጨ ዝንብ ነው፤ ጉዳዩ በረት በመጥረግና በጠጡን ራቅ አድርጎ በመከመር ያልቃል።

የበኩር ወላዷ እግር ሌላ ዓለም ነው። ግቷ በወተት ተወጥሯል፤ ሰው ነክቷት አያውቅም፤ ታዲያ ምን ታድርግ? ፍየል የምታረግዘው 150 ቀን ገደማ ነው። በመጨረሻው ወር ሳትታለብ ማለቢያው መድረክ ላይ እየወጣች ጥቂት ፉርሽካ ብትቀምስ፣ ጎኗና ግቷ በእጅ ቢዳሰስ፣ እርስዎ ከሥራ በፊት ሥልጠና ወሰዱ ማለት ነው። ይህን ያላደረገ ባለቤት የወለደች ዕለት ጎረቤቱን፣ የጎረቤቱን ልጅና ገመድ ይጠራል። ልጁ ቀንዷን ይዞ ይታገላል፤ ፍየል ደግሞ ቀንዷን ሲይዟት አትወድም፤ ወደ ኋላ ስትጎትት የቀረው የእርስዎ ሥራ ነው።

እነሆም የሚከተሉት እርምጃዎች እየተወሰዱ መሆኑን እናሳውቃለን።

መድረክ ተሠርቷል። ከፍታው ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከአሥር፣ ስፋቱ ግማሽ ሜትር፤ ፊቱ ላይ ገንዳና አንገት የሚይዙ ሁለት ቋሚ እንጨቶች አሉት። እንጨቶቹ ሲዘጉ በመካከላቸው ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይቀራል፤ አንገቷ ይንቀሳቀሳል፣ ጭንቅላቷ አያልፍም። ከጠበበ ታንቃ ትደነብራለች፤ ከሰፋ አውጥታው ትሄዳለች። ወለሉ ላይ ሻካራ ነገር ይመታበት፤ ለስላሳ ሳንቃ በዝናብ ወራት ሲርስ እርስዎ ይንሸራተቱና ያልፈለጉትም ቦታ ይገባሉ፤ ለዚያኛው አንጠይቅዎትም።

የአላቢው ግራ ክንድ ከእርስዎ ፊት ለፊት፣ ከቋንጃው በታች ተደግፎ ይቀመጣል። ሲነሱ ክንዱ ቀድሞ ይሰማዎታል፤ ገፋ አድርጎ ይመልስዎታል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ ባልዲውን የያዘበትን እጅ ለቆ እርስዎን ሊይዝ ይጣደፋል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ሌላው ደግሞ እግር ሲነሳ ጡቱን ይለቃል። ፍየሏ ከዚያ የምትማረው "ስራገጥ ይተዉኛል" የሚለውን ነው፤ ነገም ትደግመዋለች። ባልዲው ይሽሽ፣ እጅ ግን ጡቱ ላይ ይቆይ፤ ወተቱ መሬት ላይ ቢፈስም ማለቡ ይቀጥል፤ የሚለቀቀው እርስዎ መሬት ሲረግጡ ነው። (ጡቱ ታሞ ከሆነ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ መጀመሪያ ስኒው ይታይ።)

ትልቁ ባልዲም ከአካባቢዎ እንዲነሳ ተወስኗል። ከዛሬ ጀምሮ የሚታለበው ግማሽ ሊትር በሚይዝ የብረት ኩባያ ሲሆን፣ በሞላ ቁጥር ክዳን ወዳለው ዕቃ ይገለበጣል። ዕቃው ከመድረኩ ሁለት እርምጃ ይርቃል። ከእንግዲህ ቢገቡ የሚያገኙት አንድ ኩባያ ነው፤ ለሰኮናዎም ይጠባል።

ይህ ሁሉ ካልበጀ ለስላሳ ሰፊ ጠፍር ከእርስዎና ከባልደረባዎ ቋንጃ በላይ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ይታሰራል፤ ሲራገጡ ብቻ እንዲይዝ እንጂ ደም እንዲከለክል አይጠብቅም። ይህ ለጥቂት ቀን እንጂ ለዘለቄታው እንዳልታሰበ ይታወቅልን። በመድረኩ ላይ ተኝታ የምትቀር ፍየል ካለች ጠፍሩ አልተስማማትም፤ ይፈታ።

በእኛ በኩል በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ ሰኮናዎን ልንከረክም ቃል እንገባለን፤ ድንጋያማ መሬት ላይ የሚውሉ ከሆነ ራሱ ስለሚያልቅ ጊዜው ሊራዘም ይችላል። ነጩ እስኪታይ ይቆረጣል፤ ሮዝ ሲጀምር ቢላው ይቆማል። ይህ ሥራ ከማለቢያው ሰዓት ጋር እንደማይገጣጠም ከወዲሁ እናረጋግጥልዎታለን፤ በአንድ ሰዓት ሁለት ጠብ አንፈልግም። ታልባ ስትጨርስ የጡቷ ጫፍ አዮዲን ውስጥ ይነከራል፤ ቀዳዳው እስኪዘጋ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዳትተኛ ድርቆሽ ይቀርብላታል። በዚያች ግማሽ ሰዓት የፈለጉትን ቢራገጡ አንቃወምም።

ከሰላምታ ጋር
በርጩማ አልባ አላቢዎች

ግልባጭ፦
ለግራው የኋላ እግር፦ ለመረጃ ያህል፤ አላቢው ወንበር ቢቀይር ደብዳቤው እርስዎንም ይመለከታል
ለጅራት፦ እርጥብ ሲሆን የአላቢውን ፊት መጥረጉ እንዲቆም
ለወጠጤው፦ ስለ ሽታው የተለየ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ እስከዚያው ከማለቢያው ስፍራ ርቆ ይታሰር
ለድመቷ፦ በቦታው ቀድማ ስለምትገኝ በቃል ይነገራት