አቦ እኔስ በረሮ የሌለበትን ነው የምመርጠው

የደራሲው ካፍካን «ሜታሞርፎሲስ» (ግሬጎር የሚባል ሰው አንድ ጠዋት ነፍሳት ሆኖ የሚነቃበትን ታሪክ) የድሮና የአሁን ሽፋኖች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ማሳየታችሁ አሪፍ ነው፣ ግን አሸናፊው ያ ትልቅ ጥቁር በረሮ ያለበት ነው ስትሉ አቦ በጭራሽ አልስማማም። ካፍካ እኮ እ.ኤ.አ. በ1915 መጽሐፉ ሊወጣ ሲል ሰዓሊው ነፍሳቱን እንዳይስለው፣ ከሩቅ እንኳን እንዳይታይ ብሎ ለአሳታሚው ደብዳቤ ጽፎ ለምኗል። ለዛ ነው በመጀመሪያው ሽፋን ሰዓሊው ኦቶማር ሽታርከ ጋውን የለበሰ ሰውዬ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ ከበሩ ሲሸሽ የሳለው፣ በሩ ገርበብ ብሏል ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ በቃ! እዛ ውስጥ ምን አለ እያልክ ራስህ ትፈራለህ። በረሮውን ግን አንዴ ካየኸው አለቀ። ሲጀመር ግሬጎር ምን ዓይነት ነፍሳት እንደሆነ መጽሐፉም ቁርጥ አድርጎ አይነግርህም፣ ጀርባው ጠንካራ እግሩ ብዙ፣ ሌላውን አንተ ጨርሰው ነው የሚልህ።

በርግጥ አሳታሚዎቹም ወደው አይደለም፣ ገበያ ነው። እዚህ ድሬ ከዚራ ዛፍ ስር መጽሐፍ መሬት ላይ ሲዘረጋ በዛ ሙቀት መንገደኛውን የሚያስቆመው ደማቅ ሽፋን ነው (እሱም ቢሆን ፀሐዩ ቀይና ቢጫውን በልቶት ሰማያዊና ጥቁሩ ብቻ ይቀራል፣ ዲዛይነሮች ይሄን ቢያውቁት ጥሩ ነበር ሃሃ)።

እኔ ብሆን ግን ፖም ብቻ ነበር የማደርገው፣ ያ የግሬጎር አባት ወርውሮበት ጀርባው ላይ ተሰክቶ የቀረው። ያነበበ ሰው ሲያየው ይሰቀጥጠዋል፣ ያላነበበም ምን አገናኘው ብሎ ይገልጠዋል።