ለክቡር የኤሌክትሪክ ሳይክሌ የፊት ፍሬን፦ ለሚጮሁት ግን ለማይዙት

ጉዳዩ፦ አለመያዝዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከግራ ጫማዬ ሶል በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እንደሚያውቁት ቤቴ ሱሉልታ ነው፣ ሥራዬ አዲሱ ገበያ፣ መሀላችን ላይ እንጦጦ ተዘርፍጦ ተቀምጧል። ዳገቱን ሞተሩ ይሸከመኛል፣ እድሜ ይስጠው። ቁልቁለቱ ላይ ግን ያለሁት በእርስዎ እጅ ነው፣ እርስዎ ደግሞ እጅ የለዎትም፣ አፍ ብቻ። ገና ነካ ሳደርግዎ ሲጢጢጢጥ! በጎች ይበተናሉ፣ ባለ አይሱዙው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ያየኛል፣ ጠዋት የሚሮጡት አትሌቶች ሳይቀሩ ዞር ብለው መንገድ ይለቁልኛል፣ እኔ ግን እየሄድኩ ነው። ሰው ሊወድቅ ሲል የሚጮኸው ራሱ ነበር እኮ፣ እርስዎ ግን ጩኸቴን እንኳን ቀሙኝ።

ሻጩ "ዲስክ ነው፣ እንደ ሞተር ሳይክል ቀጥ ነው የሚያደርግህ" ብሎ ነው የሸጠልኝ። ቤት ገብቼ ገልብጬ ሳይዎ በቀጭን ገመድ የሚሳቡ፣ ከሁለቱ ሸራዎችዎ አንዱ ብቻ የሚንቀሳቀስ ሆነው አገኘሁዎት፤ አንዱ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ይገፋል፣ ሌላው ባለበት ቆሞ እስኪገፋለት ይጠብቃል። አንዱ ሲሠራ ሌላው ፊርማ ጠባቂ የሆነበት ቢሮ ስንቱን አይተናል። ሳይክሉ ከነባትሪው 28 ኪሎ፣ እኔ 82፣ አንዳንዴ ኋላ ላይ 25 ኪሎ ጤፍ፣ ድምሩን ራስዎ ይሥሩት። ደግሞ በሰዓት ከ20 ወደ 40 ኪሎ ሜትር ስፈጥን ለማቆም የሚያስፈልገው ሥራ እጥፍ መሰለዎት? አራት እጥፍ ነው፣ ያውም ሜዳ ላይ።

መጀመሪያ እኔው ነኝ ጥፋተኛ አልኩ። የላላውን ገመድ ሳብኩ፣ ሰነፉን ሸራ በመፍቻ ወደ ዲስኩ አስጠጋሁት፣ በ5 ቁጥር መፍቻ ሸራዎቹን የያዘውን ብረት፣ የካሊፐሩን ሁለት ብሎኖች አላልቼ፣ እጀታውን ጨብጬ መሀል ላይ ሲገባ መልሼ አጠበቅኩ። እውነት ለመናገር ሦስት ቀን ሰው ሆነው ነበር፣ ከዛ ዝናብ መጣ ጭቃ መጣ፣ ጩኸቱም ተመለሰ።

አንቱታው እዚህ ላይ ያበቃል፣ ምክንያቱም ቀጥሎ ያለውን በአንቱታ መጻፍ አልችልም።

ሰፈር ውስጥ ላለ ጠጋኝ ሰጠሁህ። ልጁ አዳመጠህ፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ "ደርቋል ነው የሚጮኸው" ብሎ የካቴና ዘይት ጠብ ጠብ አደረገብህ። ፍሬን ላይ ዘይት! እኔም ቆሜ አየሁ፣ አመሰገንኩ፣ ከፈልኩም። እና ዝም አልክ። እንዴት ያለ ዝምታ፣ በማግስቱ ቁልቁለቱን ስጀምር የወፍ ድምፅ ሁሉ ይሰማኝ ነበር፣ የማይሰማኝ መቆም ብቻ። እጀታው መሪውን እስኪነካ ጨበጥኩህ፣ ምንም፣ ግራ እግሬን አስፋልት ላይ አወረድኩ፣ ጫማዬ ሸተተ፣ መጨረሻ ላይ ያስቆመኝ አንድ ቤት ሠሪ ደጁ ላይ ያወረደው አሸዋ ነው። ሰውየውን አላውቀውም፣ ግን ከአንተ ይልቅ እሱ ፍሬኔ ነው። ሊስትሮው በኋላ ጫማውን አገላብጦ "ጋሼ፣ ሁሌ ግራው ብቻ ነው እንዴ የሚያልቀው?" አለኝ፣ ምን ልበለው።

ሸራ ዘይት የሚጠጣው እንጀራ ወጥ እንደሚጠጣው ነው። ዲስኩን በአልኮል ወልውዬ አዳንኩት፣ ሸራውን ግን በብርጭቆ ወረቀት ብፈገፍገው፣ ባጥበው፣ ለትንሽ ጊዜ ያዝ ያደርግና ውስጡ የገባው ዘይት ሙቀት ሲያገኝ ተመልሶ ይወጣል። በአጭሩ ሸራው ሞቷል።

እናም ተተክተሃል። ውጭ ያለ ዘመድ በሻንጣ ያመጣልኝ፣ በዘይት ግፊት የሚሠራ፣ ሁለቱም ሸራዎቹ እኩል የሚገፉ ነው፤ የአንተን ባለ 160 ሚሊ ዲስክም አውርጄ 180 ከነማስጠጊያ ብረቱ አስገባሁ፣ ይሄ ብቻውን በዛው በጨበጥኩት ጉልበት የማቆም ኃይሉን 12.5 በመቶ ይጨምራል። ሁለት ነገር ላይ ግን ልሳሳት ነበር። አንደኛ፣ የድሮው እጀታ ውስጥ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩን የምታጠፋ ሽቦ አለች፣ ሽቦ የሌለው እጀታ ቢመጣልኝ ኖሮ ፍሬኑ ሲይዝ ሞተሩ ሲገፋ ልኖር ነው። ሁለተኛ፣ አንድ መካኒክ የመኪና ፍሬን ዘይት ይዞ መጥቶ ነበር፣ "ኧረ ወንድሜ፣ ይሄ የሚጠጣው ሚኒራል ኦይል ነው፣ የመኪናው ከገባበት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል" ብዬ እጁን ያዝኩት። ዘንድሮ ዘይት የያዘ ሰው ሳይ እደነግጣለሁ።

አዲስ ሸራና ዲስክ ደግሞ መላመድ አለባቸው። ሜዳው ላይ ወደ 25 አፈጥናለሁ፣ ሙሉ ለሙሉ ሳልቆም እስከ እርምጃ ፍጥነት አወርዳለሁ፣ እንደገና፣ ሃያ ጊዜ ያህል። ጎረቤቴ እትዬ ከአጥር ላይ ሆነው "ይሄ ልጅ ምን ነካው" ሲሉ ሰማሁ፣ ጸበል ሳያዝዙልኝ ጨረስኩ።

ይይዛል። በሁለት ጣት ይይዛል፣ ያለ ድምፅ ይይዛል። ችግሩ ግን ምን መሰለህ፣ ካንተ ከተለያየን ወዲህ መንገድ የሚለቅልኝ ሰው ጠፋ፣ ባጃጁ ፊቴ ይገባል፣ በጎቹ መሀል መንገድ ላይ ተኝተው ያመሰኳሉ፣ አትሌቶቹም ዞር አይሉም። ቅዳሜ መርካቶ ደወል ልገዛ ነው። ጥሩ ካላገኘሁ ግን፣ ጓዳ በፌስታል ተጠቅልለህ ተቀምጠሃል፣ የኋላ ወንበሩ ስር አስሬህ ለጩኸት ብቻ ልቀጥርህ እችላለሁ፣ ደሞዙ ላይ እንነጋገራለን።

ከሰላምታ ጋር
ባለ ግራ ጫማው