ሰዓቱን ከማየት በፊት

በዋሽንግተን አካባቢ ከሥራ የተረፈንን ጊዜ ለሩጫ የምናውል ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደለንም። ቅዳሜ ማለዳ በሮክ ክሪክ ፓርክ ረጅም ሩጫውን የጨረሰ ሰው «እንዴት ነበር?» ሲባል፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት የልብ ምት የሚለካውን የእጅ ሰዓቱን እንደሚያይ ደጋግሜ ታዝቤአለሁ። እግሩ ከብዶት እንደሆነ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሆኖም ስለ ገዛ ድካሙ ምስክር የሚፈልገው ከሰዓቱ ነው።

ሰዓቱ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ እየላከ በደም ፍሰት መጠን የልብ ምትን ይገምታል። በብርድ የእጅ ደም ሥሮች ሲጠቡ ወይም ማሰሪያው ሲላላ ይሳሳታል፤ አንዳንዴም የእርምጃን ምት የልብ ምት አድርጎ ይቆጥራል። ልምምድን በጥረት እርከን ለመክፈል የተለመደው፣ ከፍተኛውን የልብ ምት የሚገምተው «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚለው ቀመርም አማካይ ግምት ስለሆነ፣ የአንድ ሰው እውነተኛ ጣሪያ ከዚያ በ10 ምትና ከዚያም በላይ ሊርቅ ይችላል። በዐቢይ ጾም እህል ሳይቀምሱ የሮጡትን ሩጫ ደግሞ ከሌላው ቀን የሚለይበት መንገድ የለውም።

ይህ ጉድለት አገር ቤት ሲገባ ይጎላል። ዋሽንግተን ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ አትልም፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ፣ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልብ በለመደው ፍጥነት እንኳ አብዝቶ ይመታል፤ ከፍታውን በወጉ የማያሰላ ሰዓትም አቋምህ ወርዷል ብሎ ይፈርዳል። ያመነው ሰው እልህ ይዞት፣ ማረፍ በሚገባው ቀን ራሱን ያደክማል።

በእንጦጦ ባሕር ዛፎች መካከል ተከታትለው እየተጠማዘዙ ከሚሮጡት ብርቱዎች መካከልም ሰዓት ያሰሩ አሉ። ሆኖም ፍጥነታቸውን የሚወስነው ከፊት ያለው ሰው እርምጃ ነው፤ ከሩጫውም በኋላ «ሰውነትህ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አሰልጣኝ ወይም ጓደኛ አለ። ውጭ አገር ብቻችንን የምንሮጠው ያጣነው ይህንን ጠያቂ ይመስለኛል፤ ቦታውንም ሰዓቱ ወሰደው። በአንጻሩ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚካሄደው ለታላቁ ሩጫ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ የሚዘጋጁ አማተሮች በየማለዳው እርስ በርስ ሲሽቀዳደሙ አይቻለሁ፤ ለእነርሱ የልብ ምት ቁጥር መልካም ልጓም በሆነላቸው ነበር።

ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጉናር ቦርግ ሯጩ ድካሙን ራሱ ከ6 እስከ 20 ባለው ቁጥር እንዲመዝን የሚያስችል መለኪያ አዘጋጅቷል፤ ቁጥሩ በ10 ሲባዛ ወደ ልብ ምት እንዲጠጋ ታስቦ የተሠራ ነው። እኔ የምመክረው ይህንን ቁጥር ሰዓቱን ከማየት በፊት በማስታወሻ ደብተር መጻፍን ነው። የልብ ምቱና ፍጥነቱ እንደ ወትሮው ሆነው ሳለ፣ 12 ይባል የነበረው ሶምሶማ ለተከታታይ ቀናት 15 ከሆነ፣ የሌሊት ፈረቃ፣ የጾም ወይም የጀማመረ ሕመም ጫና ሊኖር ይችላል፤ ሰዓቱ ለዚያ ቀን ያዘዘው ልምምድ ምንም ይሁን ምን ማረፍ ይገባል።