ቀሚስ የለበሰች ጀግና ምን አጠፋች?

ለወጣቶች የሚጻፉ ፋንታሲዎችን፣ አስማትና ዘንዶ ያለባቸውን ልቦለዶች፣ ነፍሴ ነው የሚወዳቸው። ግን አንድ ነገር አንገሽግሾኛል። ጀግናዋ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ቀሚስ እንደምትጠላ ትነግረናለች። መርፌና ክር ስታይ ደሟ ይፈላል። «እኔ እንደ ሌሎቹ ሴቶች አይደለሁም» ትላለች። አጠገቧ ያለችው፣ ጌጥ የምትወደው ልጅ ደግሞ ወይ ጅል ናት ወይ ምቀኛ። ለምን?

አሜሪካዊቷ ደራሲ ታሞራ ፒርስ በ1983 እ.ኤ.አ. ወንድ መስላ ለፈረሰኛ ተዋጊነት የምትሠለጥን አላና የምትባል ልጅ ጻፈች። ያኔ ይሄ ድፍረት ነበር። ደግሞ ያቺው አላና በሁለተኛው መጽሐፍ እንደ ሴት መልበስ መማር ትፈልጋለች። ሰይፏን ግን አልጣለችም። ከእሷ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ሰይፉን አንስተው ቀሚሱን ጣሉት።

በጣም የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? ጥልፍ የምትወድ፣ እንባዋ ቅርብ የሆነ፣ ማፍቀር የማያሳፍራት አንባቢ ራሷን የምታገኘው በሚሾፍባት ገጸ ባሕርይ ውስጥ ነው። ቁስለኛ ማከም፣ የተጣላ ማስታረቅ፣ የቤተ መንግሥት ሹክሹክታ ሰምቶ ሴራ ማክሸፍ ጀግንነት አይደለም እንዴ? እስቲ በጥልፏ አስማት የምትሠራ ልጅ ጻፉልን። ዘንዶውን ስትገጥም ጉትቻዋን አታስወልቋት። ፈርታ ታልቅስ፣ ከዚያም ታሸንፈው።